አማካይ ምርት ብቻውን አይበቃም
ከማሳ የተሰበሰበ መረጃን አጠቃሎ ስለ ማቅረብ

መግቢያ

በምርት ዘመን መጨረሻ ከየቀበሌው የሚመጡ የሠርቶ ማሳያ ሪፖርቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። «የተሳታፊ ገበሬዎች አማካይ ምርት በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ሆኗል» ይሉና እዚያው ላይ ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ይህን አንድ ቁጥር ይዞ ለሚቀጥለው ዓመት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ያዛል፤ አባላቱም በቁጥሩ ተማምነው ይፈርማሉ። ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ቁጥሩ ሳይናገር ያለፈው ነገር ካለ፣ ዕዳው የሚያርፈው በገበሬው ጎተራ ላይ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሥራ አመራር አባላት ከማሳ የሰበሰቡትን ቁጥር ለውሳኔ በሚያመች መንገድ አጠቃልለው እንዲያቀርቡ ለመርዳት ነው። የሚያስፈልገው የሒሳብ ችሎታ መደመር፣ ማካፈልና ቁጥሮችን ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር ብቻ ነው። በምሳሌነት የምናቀርባቸው የማሳ ቁጥሮች ለማስረዳት እንዲያመቹ ያዘጋጀናቸው እንጂ ከአንድ የታወቀ ቀበሌ የተወሰዱ አይደሉም።

1. በመጀመሪያ መለኪያን አንድ ማድረግ

ቁጥሮችን ከመደመር በፊት ሁሉም በአንድ መለኪያ የተለኩ መሆናቸውን ማረጋገጥ ይገባል። ገበሬው መሬቱን በጥማድ፣ እህሉን በቁና፣ በዳውላ ወይም በጆንያ ይለካል። እነዚህ መለኪያዎች በየአካባቢው የታወቁና የሚሠራባቸው ናቸው። ነገር ግን የአንዱ አካባቢ ቁና ከሌላው ቁና ጋር እኩል አይደለም፤ የጥማድም ስፋት እንደ መሬቱ ሁኔታና እንደ በሬዎቹ ጉልበት ይለያያል። ስለዚህ የገበሬውን መለኪያ እንደተነገረ መዝግቦ፣ ከጎኑ በኪሎ ግራምና በካሬ ሜትር ለክቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

በሄክታር የሚገኘውን ምርት ለመገመት ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ከማሳው ውስጥ 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ቦታ ለክቶ፣ አጭዶና ወቅቶ መመዘን ነው። ቦታው 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ ከ16 ካሬ ሜትር የተገኘ 1 ኪሎ ግራም እህል በሄክታር 625 ኪሎ ግራም ወይም 6.25 ኩንታል ማለት ነው። ለምሳሌ 3.2 ኪሎ ግራም ቢገኝ በ6.25 ተባዝቶ 20 ኩንታል በሄክታር ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በሚዛን ላይ የ100 ግራም ስሕተት ቢፈጠር፣ ወደ ሄክታር ሲለወጥ ከግማሽ ኩንታል በላይ ይሆናል። ስለሆነም ሚዛኑ ከሥራው በፊት መፈተሽ አለበት።

የእህሉ እርጥበትም እንዲሁ መታየት አለበት። ስንዴ ሲነጻጸር ብዙውን ጊዜ ወደ 12.5 በመቶ እርጥበት ተስተካክሎ ነው። ከላይ የተጠቀሰው 3.2 ኪሎ ግራም የተመዘነው 16 በመቶ እርጥበት እያለው ከሆነ፣ በ84 ተባዝቶ ለ87.5 ሲካፈል ወደ 3.07 ኪሎ ግራም ይወርዳል፤ ይኸውም 19.2 ኩንታል በሄክታር ነው። የእርጥበት መለኪያ በሌለበት ቦታ ቢያንስ ሁሉም ናሙና እኩል ቀን በፀሐይ ደርቆ እንዲመዘን ማድረግ ይቻላል።

2. የትኞቹ ማሳዎች ተመዘገቡ?

ጥሩ ስሌት መጥፎ አመራረጥን አያርምም። ከመንገድ ዳር የሚገኙ ማሳዎች፣ የብርቱ ገበሬዎች ማሳዎች ወይም ለጉብኝት የተዘጋጁ ማሳዎች ብቻ ቢመዘገቡ፣ የሚገኘው ቁጥር የእነዚያን ማሳዎች ሁኔታ እንጂ የቀበሌውን አያሳይም። በመሆኑም የሚመዘኑት ማሳዎች ከአባላት መዝገብ ላይ በዕጣ ቢወጡ ይመረጣል። በማሳው ውስጥም ቢሆን የሚታጨደው ቦታ ሰብሉ ያማረበት ተፈልጎ መሆን የለበትም። ከማሳው ጥግ ተነሥቶ በርዝመቱና በስፋቱ ስንት እርምጃ እንደሚኬድ በዕጣ መወሰን ይቻላል።

ብዙ ጊዜ የሚታይ ሌላም ጉድለት አለ። በውርጭ፣ በበረዶ ወይም በውሃ መተኛት ምክንያት ሳይታጨድ የቀረ ማሳ ከሪፖርቱ ይሰረዛል። ምርት ያልሰጠ ማሳ ግን ምርቱ ዜሮ ነው እንጂ መረጃ የሌለው አይደለም። ገበሬው ዘሩን ዘርቷል፤ ማዳበሪያውንም በብድር ወስዷል። እንዲህ ያለው ማሳ ዜሮ ተብሎ ከምክንያቱ ጋር መመዝገብ አለበት።

3. ምሳሌ፦ የ11 ገበሬዎች የስንዴ ሠርቶ ማሳያ

በአንድ ቀበሌ 11 ገበሬዎች እያንዳንዳቸው የስንዴ ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን በለመዱት ዘርና አሠራር፣ ግማሹን ደግሞ በምርጥ ዘርና በተሟላ ማዳበሪያ ዘሩ እንበል። የልማት ሠራተኛው ሁለቱንም አስመዝኖ ከአዲሱ አሠራር የተገኘውን ተጨማሪ ምርት በኩንታል በሄክታር በማሳዎቹ ተራ ቁጥር መሠረት እንደሚከተለው መዘገበ።

3፣ -1፣ 12፣ 1፣ 2፣ 0፣ 15፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5

«-1» ማለት አዲሱ አሠራር ከተለመደው አንድ ኩንታል አንሶ ተገኝቷል ማለት ነው። የዘሩና የማዳበሪያው ተጨማሪ ወጪ በመኸር ጊዜ የስንዴ ዋጋ ሲታሰብ በሄክታር 3 ኩንታል ያህል ነው ብለን እንውሰድ። እንግዲህ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። አባላቱ ይህን ወጪ በብድር ቢገቡበት ዕዳቸውን ከተጨማሪው ምርት ሊከፍሉ ይችላሉ ወይ?

4. አማካይ

አማካይ የሚገኘው ቁጥሮቹን ሁሉ ደምሮ ለቁጥሮቹ ብዛት በማካፈል ነው። ከላይ ያሉት ሲደመሩ 44 ይሆናሉ፤ ለ11 ሲካፈሉ 4 ኩንታል በሄክታር ይሆናል። 4 ከ3 ስለሚበልጥ፣ በአማካዩ ብቻ የሚሄድ ኮሚቴ ብድሩ እንደሚያዋጣ ይወስናል።

አማካይ ጠቃሚ ቁጥር ነው። ጠቅላላውን ምርት ሳያዛባ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ ምን ያህል እንደሚደርስ ይነግረናል። ይሁን እንጂ ገበሬዎቹ ምርታቸውን አንድ ላይ አፍስሰው እኩል አይካፈሉም። እያንዳንዱ ዕዳውን የሚከፍለው ከራሱ ማሳ በሚያገኘው ነው። ስለዚህ ሌላም ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

5. መሃለኛው ቁጥር

ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ እንደርድራቸው።

-1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 12፣ 15

በዚህ ድርድር በትክክል መካከል ላይ የሚገኘው 6ኛው ቁጥር ነው፤ እርሱም 2 ነው። በስታቲስቲክስ ይህ ቁጥር ሚዲያን ይባላል፤ እኛ እዚህ ላይ መሃለኛ ቁጥር ብለነዋል። ከበታቹና ከበላዩ እኩል 5፣ 5 ማሳዎች አሉ። የማሳዎቹ ብዛት ሙሉ ቁጥር፣ ለምሳሌ 12 የሆነ እንደሆነ፣ መካከል ላይ ያሉት 6ኛውና 7ኛው ተደምረው ለሁለት ይካፈላሉ።

አማካዩ 4 ሲሆን መሃለኛው 2 መሆኑ በከንቱ አይደለም። 12 እና 15 የሰጡት ሁለት ማሳዎች ብቻቸውን ከጠቅላላው 44 ውስጥ 27ቱን ይዘዋል። አማካዩን ወደ ላይ የጎተቱት እነርሱ ናቸው። መሃለኛው ቁጥር ግን 15 የነበረው 30 ቢሆንም እንኳ ከ2 አይነቃነቅም። እንግዲህ አማካይና መሃለኛ ቁጥር ተራርቀው ሲገኙ፣ ጥቂት ማሳዎች ከሌሎቹ በጣም ተለይተዋል ማለት ነው፤ የልማት ሠራተኛውም ምክንያቱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዕዳው እንመለስ። ከ11 ማሳዎች 6ቱ ከ3 ኩንታል በታች ናቸው። አንዱ ልክ 3 ስለሆነ ወጪውን ሸፍኖ ትርፍ አላስቀረም። ያተረፉት 4 ብቻ ናቸው። በአማካይ «ያዋጣል» የተባለው ብድር ከግማሽ በላይ ለሆኑት ገበሬዎች ዕዳ ይሆንባቸዋል ማለት ነው።

6. ስርጭት፦ ቁጥሮቹ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ከመካከለኛው ዋጋ ጋር አብሮ መቅረብ ያለበት የቁጥሮቹ መራራቅ ነው። ይህን በሦስት መንገድ መግለጽ ይቻላል።

ሀ) ዝቅተኛና ከፍተኛ። በምሳሌያችን ዝቅተኛው -1፣ ከፍተኛው 15 ነው፤ በመካከላቸው 16 ኩንታል ልዩነት አለ። ይህ ለማውጣት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚነግረን ስለ ሁለቱ ጫፎች ብቻ ነው።

ለ) የመካከለኛው ግማሽ ክልል። ከተደረደሩት ቁጥሮች መሃለኛውን ብንተው በበታቹ 5፣ በበላዩም 5 ቁጥሮች ይቀራሉ። የበታቾቹ መሃለኛ 1፣ የበላዮቹ መሃለኛ 5 ነው። ስለዚህ ግማሽ ያህሉ ማሳዎች በ1 እና በ5 ኩንታል መካከል ተጨማሪ ምርት ሰጥተዋል ብለን መናገር እንችላለን። ይህ አነጋገር ለገበሬ ስብሰባ በጣም ይመቻል፤ አንድ አባል ተራ በሆነ ማሳ ምን ሊጠብቅ እንደሚገባው ያሳየዋልና።

ሐ) ስታንዳርድ ዴቪዬሽን። እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ የሚርቅበት መጠን በራሱ ተባዝቶ ይደመራል፤ ድምሩ ከብዛቱ አንድ ተቀንሶ በሚቀረው ቁጥር ይካፈላል፤ ከዚያም ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። በምሳሌያችን ድምሩ 254 ነው፤ ለ10 ሲካፈል 25.4፤ ስኩዌር ሩቱም 5 ያህል ይሆናል። በየማሳው ያለው መራራቅ (5) ከአማካዩ ከራሱ (4) በልጦ ሲገኝ፣ አማካዩ የአንድን ገበሬ ዕድል ለመተንበይ ደካማ ነው ማለት ነው። በምርምር ጽሑፎች ይህ ቁጥር ስለሚዘወተር ትርጉሙን ማወቅ ይጠቅማል። ለቀበሌ ሪፖርት ግን ሀ እና ለ ይበቃሉ።

7. ልዩነቱ ከየት መጣ? መረጃን መከፋፈል

ቁጥሮቹ ሲራራቁ በአንድ ላይ ማጠቃለል ትቶ በምክንያት መከፋፈል የተሻለ ነው። የልማት ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ ከእያንዳንዱ ማሳ ጎን የአፈሩን ዓይነትና ውሃ ይተኛበት እንደሆነ ጽፎ ነበር እንበል። በዚህ መሠረት ሲከፋፈል የሚከተለው ይገኛል።

ውሃ የሚተኛባቸው የዋልካ ማሳዎች (6 ማሳ)፦ -1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 2፣ 2። ድምር 5፣ አማካይ 0.8፣ መሃለኛ 1።

ውሃ የማይተኛባቸው ማሳዎች (5 ማሳ)፦ 3፣ 4፣ 5፣ 12፣ 15። ድምር 39፣ አማካይ 7.8፣ መሃለኛ 5።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ዕዳውን የማይሸፍኑት 6 ማሳዎች በሙሉ ውሃ የሚተኛባቸው ናቸው። «4 ኩንታል» የሚለው አማካይ ከሁለቱ ወገኖች ለአንዱም አይስማማም፤ ለዋልካው በጣም ይበዛል፣ ለሌላው በጣም ያንሳል። ሪፖርቱ በአማካዩ ቢያበቃ ኖሮ ማኅበሩ ለሁሉም እኩል ዘርና ማዳበሪያ ያዝ ነበር። መረጃው ሲከፋፈል ግን ለዋልካ ማሳዎች መቅደም ያለበት ውሃውን ማጠንፈፍ መሆኑን ያመለክታል።

ይህ በአገራችን ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ዋልካ ወይም ቨርቲሶል የሚባለው ጥቁር አፈር በኢትዮጵያ ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍንና ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን ያህሉ በደጋማው ክፍል እንደሚገኝ ይገመታል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬዎች ከቤተሰባቸው ጋር በእጃቸው መደብና ቦይ እያወጡ ውሃውን ሲያጠነፍፉ ኖረዋል። ከ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ ደግሞ ሁለት የአገር ማረሻዎችን በማጣመር የተሠራና በጥንድ በሬ የሚጎተት የሰፋፊ መደብ ማውጫ መሣሪያ ቀርቧል። የትኛው ማሳ ይህን እንደሚፈልግ የሚታወቀው ግን መዝገቡ ላይ የአፈር ዓምድ ሲኖር ብቻ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። 5 እና 6 ማሳዎች ጥቂት ናቸው። እንዲህ ያለው ክፍፍል ምክንያቱን ይጠቁማል እንጂ ነገሩን አይቋጨውም። በሚቀጥለው ዓመት በተጨማሪ ማሳዎች መረጋገጥ አለበት።

8. የተለያየ ስፋት ያላቸውን ማሳዎች ስለ ማጠቃለል

የቀበሌው ጠቅላላ ምርት ሲገመት ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራት ገበሬዎች 0.25፣ 0.25፣ 0.5 እና 2 ሄክታር ስንዴ አላቸው እንበል። ምርታቸውም በቅደም ተከተል 32፣ 28፣ 24 እና 14 ኩንታል በሄክታር ነው። አራቱ ቁጥሮች ተደምረው ለ4 ቢካፈሉ 24.5 ኩንታል ይሆናል። በዚህ መሠረት ከ3 ሄክታሩ 73.5 ኩንታል ይጠበቃል።

እውነተኛው ምርት ግን 8፣ 7፣ 12 እና 28 ኩንታል ሲሆን በጠቅላላው 55 ኩንታል ነው። ለ3 ሄክታር ሲካፈል 18.3 ኩንታል በሄክታር ይሆናል። ስሕተቱ የመጣው ሩብ ሄክታሩና ሁለት ሄክታሩ እኩል ስለተቆጠሩ ነው። ማኅበሩ ለጆንያ፣ ለመጋዘንና ለመኪና የሚያወጣው ወጪ ወይም ለገዢ የሚገባው ውል በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ቢመሠረት የሌለ እህል ሽጧል ማለት ነው። ስለዚህ ጠቅላላ ምርት ለጠቅላላ ስፋት መካፈል አለበት እንጂ የአማካዮች አማካይ መወሰድ የለበትም። የሁለት ቀበሌዎችን ውጤት ስናጣምርም ሕጉ ይኸው ነው።

9. የብዙ ዓመት ቁጥሮች

በየማሳው ያየነው መራራቅ በየዓመቱም አለ። ሁለት የስንዴ ዝርያዎች በአምስት ዓመት ውስጥ የሚከተለውን ምርት ሰጡ እንበል።

የመጀመሪያው፦ 30፣ 32፣ 31፣ 29፣ 8። አማካይ 26፣ መሃለኛ 30።

ሁለተኛው፦ 24፣ 25፣ 26፣ 23፣ 22። አማካይ 24፣ መሃለኛ 24።

በአማካይም ሆነ በመሃለኛ ቁጥር የመጀመሪያው ይበልጣል። ይሁን እንጂ 8 ኩንታል የተገኘበትን ዓመት ማየት ያሻል። በጎተራው የተጠራቀመ እህል የሌለው ቤተሰብ ያን ዓመት በምን ይሻገራል? እንዲህ ባለ ጊዜ ወሳኙ ዝቅተኛው ቁጥር ነው። በመሆኑም መሃለኛ ቁጥርም ቢሆን ሁሉን አይናገርም።

ይህ በአገራችን በተግባር የታየ ነው። በ2002/2003 ዓ.ም. የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ በስፋት ተከስቶ በዚያን ጊዜ በብዛት ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ጋላማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ ጎድቷል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የግንድ ዋግ በባሌና በአርሲ ዲገሉ የተባለውን ዝርያ አጥቅቷል። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት አማካይ ይህን አደጋ ሊያሳይ አይችልም ነበር። ስለዚህ ዝርያ ሲመረጥ ከአማካዩ ጎን የየዓመቱ ቁጥር በተለይም ዝቅተኛው ይጻፍ፤ የመጥፎው ዓመት ምክንያትም ይገለጽ።

10. ሪፖርቱ ምን መያዝ አለበት?

አንድ አጭር ሪፖርት ቢያንስ የሚከተሉትን ስድስት ነገሮች እንዲይዝ እንመክራለን።

1ኛ. ስንት ማሳ እንደተመዘገበና እንዴት እንደተመረጡ፤
2ኛ. አማካዩንና መሃለኛውን ጎን ለጎን፤
3ኛ. ዝቅተኛውን፣ ከፍተኛውንና የመካከለኛውን ግማሽ ክልል፤
4ኛ. ወጪውን የማይሸፍኑት ማሳዎች ከስንቱ ስንቱ እንደሆኑ፤
5ኛ. በአፈር፣ በመዝሪያ ቀን ወይም በሌላ ምክንያት ተከፋፍሎ የተገኘውን ልዩነት፤
6ኛ. ያልታጨዱ ማሳዎችን ብዛትና ምክንያታቸውን።

በመቶኛ ብቻ መጻፍም አይበቃም። «50 በመቶ የሚሆኑ ገበሬዎች ተቀብለውታል» ሲባል ከ4 ገበሬዎች 2 ይሁኑ ወይም ከ200 ገበሬዎች 100 አይታወቅም። ስለዚህ ብዛቱ ከመቶኛው ጋር ይጻፍ። እንደ ዝርያ ስም ወይም «ለምን አልዘራህም?» ለሚል ጥያቄ እንደተሰጠ መልስ ያሉ፣ በሚዛን የማይመዘኑ መረጃዎች ደግሞ አማካይ የላቸውም፤ እያንዳንዱ መልስ ስንት ጊዜ እንደተሰጠ ተቆጥሮ በብዛቱ ቅደም ተከተል ይቀርባል።

ከላይ ያየነው ምሳሌ በዚህ መልክ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦ «በዕጣ ከተመረጡ 11 ማሳዎች የተገኘው ተጨማሪ የስንዴ ምርት በአማካይ 4፣ በመሃለኛ ቁጥር 2 ኩንታል በሄክታር ነው። ዝቅተኛው -1፣ ከፍተኛው 15 ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉ ማሳዎች በ1 እና በ5 መካከል ናቸው። ከ11ዱ 6ቱ የ3 ኩንታሉን ወጪ አልሸፈኑም፤ 6ቱም ውሃ የሚተኛባቸው የዋልካ ማሳዎች ናቸው። ሳይታጨድ የቀረ ማሳ የለም። ለዋልካ ማሳዎች ብድሩ ከመፈቀዱ በፊት የማጠንፈፍ ሥራ እንዲቀድም ሐሳብ እናቀርባለን።»

ይህ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ነገር ግን ከ«አማካይ 4 ኩንታል» ይልቅ ለማኅበሩ ስብሰባ የሚያቀርበው ቁም ነገር እጅግ የበዛ ነው።

ማሳሰቢያ

የየማሳው ቁጥር የተጻፈበት የመጀመሪያው መዝገብ አማካዩ ከወጣ በኋላ መጣል የለበትም። ከመዝገቡ አማካዩን ማውጣት ይቻላል፤ ከአማካዩ ግን መዝገቡን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ ቅጂው በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ፤ ብድር የሚፈርመው ገበሬም የእርሱን የሚመስል ማሳ ምን እንደሰጠ ከመፈረሙ በፊት ይነበብለት።